ለድምፅ የተተወ ቦታ

አማርኛ ራፕ ቀድቶ የሚያውቅ ሰው ከፊደላት ሁሉ «ጠ»ን ለይቶ ያውቃታል። «ጠ»፣ «ቀ»፣ «ጨ» ከአፍ ሲወጡ ትንፋሽ አያጅባቸውም፤ ጉሮሮ ላይ ታፍነው ይቆዩና በአንዴ ይፈነዳሉ። ኮምፒውተሩ ላይ ሲታዩ ከአጠገባቸው ካለው ድምፅ ሁሉ ዘለግ ብለው የቆሙ ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። ድምፅ ሲጮህ ዝቅ የሚያደርገው ኮምፕረሰር እነሱን ባገኘ ቁጥር ይነቃል፤ ቶሎ ካልለቀቀ ደግሞ ከኋላ የምትመጣዋን አናባቢ አብሮ ይጫናታል፣ ቃሉም መነሻው ብቻ ተሰምቶ ቀሪው ይጠፋል። እኛ የተማርንባቸው መመሪያዎች በሙሉ እንግሊዝኛ ለሚቀዳ ሰው የተጻፉ ነበሩ። «ፐ» ማይኩን በትንፋሽ እንዳትመታው፣ «ሰ» እንዳታፏጭ ያስጠነቅቃሉ፤ ስለ «ጠ» የሚሉት ነገር የለም። ስለዚህ መላውን በጆሯችን መፈለግ ነበረብን፤ የኮምፕረሰሩን መልቀቂያ ጊዜ ማሳጠር፣ ዘለግ ያሉትን መስመሮች አንድ በአንድ በእጅ ዝቅ ማድረግ፣ ልጁ ከማይኩ ትንሽ ገለል ብሎ በጎን በኩል እንዲናገር መንገር። ከሂፕ ሆፕ ሥራ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይኸው ነው። የገዛ ቋንቋዬን፣ ትርጉሙን ለጊዜው ትቼ፣ በድምፅነቱ መስማት የጀመርኩት በዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

ክፍሉ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ያለ የአንድ ግቢ ሰርቪስ ቤት ነበር። ጊዜው የኢትዮጵያ ሚሌኒየም ሊከበር ሽር ጉድ የሚባልበት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ። ሊያየን የመጣ ሰው ሁሉ የጭቃውን ነገር እንደ ጉድለት ያነሳብን ነበር፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ከሠራሁባቸው ክፍሎች በድምፅ ያንን የሚያህል አላገኘሁም። የብሎኬት ግድግዳ ድምፅን መልሶ ይወረውራል። ጭድ የገባበት፣ እጅ የለሰነው፣ እዚህ ወጣ እዚያ ገባ ያለ ወፍራም ጭቃ ግን ድምፁን ይበታትነዋል፣ ከፊሉንም ውጦ ያስቀረዋል። ጥግ ላይ በጣውላ የከለልናትን የቀረጻ ክፍል ውስጧን በስፖንጅ ፍራሽ አለበስናት፤ በሯ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን። ትንፋሽ መከላከያው በሽቦ የልብስ መስቀያ ላይ የተወጠረ የሴት ስቶኪንግ ነበር። ማይኩ ግን እውነተኛ ኮንደንሰር ነው፤ ከአሜሪካ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ የገባ።

ክረምት ሲሆን ቀረጻ እንደ ልብ የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ማይኩን ዘግተን ቢት እንሠራለን፣ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ እየተሯሯጥን እንቀዳለን። ሌሊቱን የሰፈሩ ውሾች ይወስዱብናል፤ ንጋቱ የቅዳሴና የአዛን ነው። በዚያ ላይ መብራት በፈረቃ የሆነበት ዘመን መጣ። ከሁሉም በላይ ግን የቀን ፕሮግራማችንን የሚያወጣው የግቢው ባለቤት የእማማ ምጣድ ነበር። እማማ ምጣዱን ሲሰኩት ቮልቴጁ ወረድ ይላል፣ ስታቢላይዘራችን ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ይጀምራል፣ ያቺ ጠቅታ ደግሞ በማይኩ ትገባለች። በሰላም ሰዓት የማትሰማ ድምፅ በሄድፎን ስትሰማ እንደ መዶሻ ነች። ነገሩን ለእማማ ካስረዳናቸው በኋላ እሳቸው ራሳቸው ጠዋት ጠዋት በሩን ቆርቆር እያደረጉ ይነግሩን ጀመር። «ልጆቼ፣ ዛሬ ሊጥ የለኝም፤ እንደ ልባችሁ።» በዚያ ቀን ራፐሮቹን ሁሉ እንጠራለን። እማማ የምንሠራውን ሙዚቃ አንድም ቀን ወደድኩት አላሉም፤ እንጀራቸውን ግን ስንት ጊዜ ለእኛ ሲሉ ወደ ማታ አዛውረዋል።

መሣሪያችን ያው የዘመኑ ነው። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፍሩቲ ሉፕስ ቢት ለመሥራት፣ ኩቤዝ ደግሞ ለመቅዳት። ያኔ አንድ ነገር አጽናናን፣ ስለ ድሮዎቹ የኒው ዮርክ ፕሮዲዩሰሮች ያነበብነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ኤስፒ 1200 የተባለው ሳምፕለር በጠቅላላው የሚይዘው ድምፅ 10 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ሰዎቹ ታዲያ ቦታ ለመቆጠብ በ33 የሚዞረውን ሸክላ በ45 አፍጥነው ይቀዱና መሣሪያው ውስጥ መልሰው ያዘገዩታል። ያ ሻካራ፣ አቧራ የነካው የሚመስል የዘጠናዎቹ ድምፅ በከፊል የተወለደው ከዚህ ቁጠባ ነው። እኛ ኮምፒውተር ላይ የፈለግነውን ያህል ትራክ መደርደር እንችል ነበር። እንደረድርም ነበር። የጊዜው ፍላጎት ይህ ነው። በ2000 ዓ.ም. መግቢያ ብላክ አይድ ፒስ አዲስ አበባ መጥተው ዘፍነዋል፣ ቢዮንሴ ተከትላ መጥታለች፤ ልጆቹ ሲዲ ይዘው ይመጡና «እንደዚህ ይጩህልን» ይላሉ። ከበሮ፣ ባስ፣ ሁለት ሦስት ሲንት፣ ስትሪንግ፣ ጭብጨባ፣ ደወል፣ በዚያ ላይ ክራር። ክራሩ የሚገባው ሥራው የእኛ መሆኑ እንዲታወቅ ነው። ድምፁ ከላይ እስከ ታች ሞልቶ ሲያስተጋባ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል።

ጋሼ የመጡት እንዲህ ያለውን ቢት ስንሰማ ነው። የልጅ ልጃቸው ከእኛ ጋር ይቀዳ ነበርና እሳቸው ደግሞ «ምን እንደምትሠሩ ልየው» ብለው አብረውት መጡ። ከአብዮቱ በፊት ሳክስፎን ይነፉ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። መጀመሪያ የጠየቁት «ሌሎቹስ?» ብለው ነው። ሌሎቹ የሚሏቸው ከበሮ መቺውን፣ ባሲስቱን፣ ነፊዎቹን ነው። ሁሉም ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደሆነ ነገርናቸው። ቢቱን ከፈትንላቸው፤ ልጁ ላዩ ላይ ራፕ አደረገ። እስኪያልቅ በትዕግሥት ሰሙና እንዲህ አሉ፦

«ጥሩ ነው። ግን ሁሉም አንድ ላይ ያወራሉ። ልጁ መቼ ነው የሚያወራው?»

ማንም አልመለሰም። ከዚያ እሳቸው ዘመናቸውን ያወሩልን ጀመር። ባንዱ በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ቆሞ በአንድ ጊዜ ነው የሚቀዳው። ድምፃዊው ማይኩ አጠገብ ይሆናል፤ ነፊዎቹ ድምፃቸው ጠንካራ ስለሆነ ራቅ ብለው፣ አንዳንዴም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቆማሉ። አንዱ ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይደግማል። ስለዚህ ማንም ያለ ቦታው አይገባም። ድምፃዊው ስንኙን ሲጨርስ፣ ትንፋሽ ሲወስድ፣ ያኔ ነፊው ይመልስለታል። «እሱ ሲያወራ እኔ ከንፈሬን እያራስኩ እጠብቀዋለሁ» አሉ ጋሼ። ይህን ሲሉ በእጃቸው የሌለ ሳክስፎን ይዘው፣ ጣቶቻቸው ቁልፎቹ ላይ እንዳሉ ሆነው ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ የድሮ ሸክላዎችን የምሰማው ሌላ ነገር ፍለጋ ነው። አምሃ እሸቴ የመንግሥትን የሸክላ ሞኖፖል ደፍሮ የራሱን አምሃ ሪከርድስ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። እስከ 1975 ድረስ ባለው አጭር ጊዜ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎች አሳትሟል። ዓመታቱን ልብ ብሎ ላየ ሰው ሌላም ነገር አለ። ዲጄ ኩል ሄርክ በኒው ዮርኩ ብሮንክስ፣ በእህቱ ግብዣ ላይ ሁለት ሸክላ እያቀያየረ ሂፕ ሆፕ ተወለደ የሚባልበትን ምሽት ያደመቀው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1973 ነው፤ ያን ምሽት አዲስ አበባ ውስጥም የምሽት ክበቦቹ በባንድ ደምቀው ነበር። ሁለቱ ሙዚቃዎች ሳይተዋወቁ በአንድ ዘመን የኖሩ ናቸው። የተገናኙት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ኢትዮጲክስ የተባሉት ተከታታይ ሲዲዎች እነዚያን ሸክላዎች ለዓለም ካዳረሱ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኦ ኖ የተባለው የካሊፎርኒያ ፕሮዲዩሰር ዶክተር ኖስ ኢትዮጲየም የሚል አልበም ሙሉ በሙሉ ከእኛ የድሮ ሸክላዎች ቆርጦ ሠራ። በዓመቱ ራፐሩ ናስና ሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሌ በጋራ ባወጡት አልበም መክፈቻ ላይ የሙላቱ አስታጥቄ «የገሌ ትዝታ» ሆነች ቢታቸው።

ያቺን ዘፈን አንድ ልጅ በስልኩ ይዟት መጥቶ ሲያሰማን በክፍሉ ውስጥ የነበረው ጩኸት አሁንም ይሰማኛል። «የእኛ ናት! የሙላቱ ናት!» ደስታው ልክ አልነበረውም። እኔ ግን ማታ ብቻዬን ሆኜ ደግሜ ደጋግሜ ስሰማት የጋሼ ነገር ትዝ አለኝ። ሁለቱ ሰዎች እየተቀባበሉ ሲናገሩ ከሥራቸው ያለው ሙዚቃ አይሻማቸውም፤ ለተናጋሪ ቦታ መተው ድሮውኑ ልማዱ ነውና። ናስ የገባው ድምፃዊ ትንፋሽ የሚወስድበትንና የሚናገርበትን ቦታ ጠንቅቆ በሚያውቅ ሰው ሥራ ላይ ነው። እኛ ደግሞ እዚሁ፣ ሸክላው የተቀዳበት ከተማ ተቀምጠን ያንን ቦታ በስትሪንግና በደወል እንሞላው ነበር።

ራሴም ከሸክላዎቹ ቆርጬ ለመሥራት ሞክሬያለሁ። የመጀመሪያው ፈተና ፍጥነቱ ነው። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው እኩል ነው፤ የዚያ ዘመን ከበሮ መቺ ግን ሰው ነውና ሲሞቀው ይፈጥናል፣ ድምፃዊው ሲያዝን ይጠብቀዋል። አራት ባር ቆርጬ በሉፕ ላዙረው ስል መጨረሻው ከመጀመሪያው አይገጥምም። ብዙ ሰው ይህንን በፕሮግራም ጎትቶ ወደ እኩልነት ያመጣዋል፤ ያኔ ሉፑ ይገጥማል፣ ሙዚቃው ግን ይሞታል። የዲትሮይቱ ፕሮዲዩሰር ጄ ዲላ በዚህ ነገር መምህሬ ነው። ኳንታይዝ የሚባለውን፣ ምቱን ሁሉ ወደ እኩል መስመር የሚጎትተውን ነገር ብዙ ጊዜ አጥፍቶ፣ ኤምፒሲ 3000 በተባለው ማሽን ላይ በጣቱ የሚመታ ሰው ነበር፤ ስኔሩ ለጥቂት ይቀድማል፣ ኪኩ ለጥቂት ይዘገያል። እ.ኤ.አ. የካቲት 7 ቀን 2006 ዶናትስ የተባለው አልበሙ ወጣ፣ በሦስተኛው ቀን አረፈ፤ ኤምፒሲው ዛሬ ዋሽንግተን ውስጥ በአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ይገኛል። ዲላን ስሰማ ሠርግ ቤት የሚመታ ከበሮ ነው የሚሰማኝ። የእኛ ችክችካ ስድስት በስምንት ነው፤ ሂፕ ሆፕ በአራት ይቆጥራል። አማርኛ የሚናገር ልጅ በአራት ቢት ላይ ሲለቀቅ ግን ሳያስበው ወደ ሦስት ሦስት ይሄዳል፤ ምላሱ ልጅ ሆኖ ያጨበጨበበትን ያውቃል። ኳንታይዙ ካልጠፋ ይህ አይሰማም።

ስለ አንድ ልጅ ልናገር። ስሙን አልጠራም፣ እሱም አይፈልግም። መርካቶ፣ አባቱ ሱቅ ውስጥ ነበር የሚውለው፤ ግጥሙን የሚጽፈው በዕቃ መያዣ ካርቶን ቁራጭ ላይ ነው። ሌሎቹ ልጆች በወረቀት ወይም በደብተር ይዘው ይገባሉ፤ ወረቀት ሲገለበጥ ኮንደንሰር ማይክ ያንን ሽርሽርታ አይምርም። የእሱ ካርቶን ግን ዝም ነው። ሌላው ልዩነቱ ቤት የሚመታበት ቦታ ነበር። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ለጀማሪ ራፐር ቤት መምታት በጣም ይቀለዋል፤ «እሄዳለሁ፣ እመጣለሁ፣ እነግራለሁ» እያለ እስከ ማታ መቀጠል ይችላል፣ ጆሮ ግን በአራተኛው ስንኝ ይሰለቻል። እሱ ግሶቹን ወደ ስንኙ መሀል ያስገባና ቤቱን በስም ይመታል፣ አንዳንዴም ቤት ሳይመታ ያልፍና አድማጩ ሲጠብቀው ይቆያል።

የመጣበት ግጥም ስለ ታላቅ ወንድሙ ነበር። ወንድምየው በሞያሌ በኩል ወጥቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ቆይቷል፤ በመንገድ ላይ ብዙ ወራት ጠፍቶባቸው ነበር። ግጥሙ የስልክ ንግግር ነው። ልጁ ይጠይቃል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ እንደገና ይጠይቃል። የወንድሙ መልስ አይሰማም። በዚያ ዝምታ ላይ ከበሮው ሲቀጥል ንግግሩ ሁሉ ውሸት ሆነብኝ። መጀመሪያ ስትሪንጉን አወጣሁ። ቀጥሎ ደወሉን፣ ከዚያ ጭብጨባውን። ክራሩን ማውጣት ከበደኝ፤ አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ ራሱ የቀዳው ነበርና ቅር እንዳይለው ፈራሁ፤ እሱ ግን ከኋላዬ ቆሞ «አውጣው» አለ። በመጨረሻ የቀረው ኪክ፣ ስኔርና አንድ የባስ መስመር ብቻ ነው።

«መጣሁ ብለኸን ነበር» የምትል ስንኝ ነበረችው። «መጣሁ» ስንል «መ» ካልን በኋላ ለአፍታ ሙሉ በሙሉ ዝም እንላለን፤ «ጣ» የምትፈነዳው ከዚያች ዝምታ በኋላ ነው። ስክሪኑ ላይ ሳሰፋት ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ብዙም የማትርቅ ባዶ መስመር ነበረች። እኔ የማውቀው የማጽዳት ዘዴ ሁሉ እንዲህ ያለውን ባዶ ቦታ እንደ ትርፍ ነው የሚያየው፤ ጌት የሚባለው መሣሪያ ይዘጋበታል፣ ሲከፍትም አርፍዶ የፊደሏን ጫፍ ይቆርጣታል። ልጁ ግን ያቺን ዝምታ ከተለመደው በላይ ይይዛታል፤ «መ» ይልና ሊያለቅስ ነው ወይስ ሊቆጣ ነው እስክንል ድረስ ይቆያል። የእኔ ስኔር ደግሞ ልክ «ጣ» ላይ ነበር የሚያርፈው፣ ሁለቱ ይጋጩ ነበር። ስኔሩን በዚያች ምት ላይ ብቻ አጠፋሁት። «ጣ» ራሷ ስኔር ሆነች። መልሰን ስንሰማው ልጁ ሄድፎኑን አውልቆ ከቀረጻ ክፍሏ ወጣና «እንዲህ ነው ያልኩት፣ ይኸው ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ የሠራኋቸው ቢቶች ሁሉ ከዚያ ይነሳሉ። መጀመሪያ ድምፁን በባዶ ምት ላይ እቀዳለሁ፣ ከበሮውን በድምፁ ዙሪያ አስቀምጣለሁ። «ቢቱ ባዶ ሆነ» የሚሉ ደንበኞች ነበሩ፤ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ብዙ ድምፅ መስማት ይፈልጋል፣ መብቱም ነው። አንዳንዶቹ ሄዱ። የቀሩት ግን የሚናገሩት ነገር የነበራቸው ናቸው።

ሚክሱ መድረሱን የምናውቀው ታክሲ ውስጥ ነበር። የጓደኛዬ ወንድም በካዛንቺስና ፒያሳ መስመር ሚኒባስ ይነዳ ነበርና ፍላሹን ይዘን ከሹፌሩ ኋላ እንቀመጣለን። የስቱዲዮ ሞኒተር ያባብላል፤ የሚኒባስ ስፒከር አያባብልም። ሞተሩ ከሥር ያጉረመርማል፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ረዳቱ «ፒያሳ ፒያሳ» ይላል፤ በዚህ ሁሉ መሀል ቃሉ ካልተሰማ ሚክሱ አላለቀም። ሞተሩ የባሱን ቦታ ይወስድብናል፤ ስለዚህ ባሱን ከላይ ትንሽ ሻካራ ካላደረግነው ጭራሽ ይጠፋል። የተሳፋሪውን ፊት እናያለን። አንዲት ገበያ ውላ የምትመለስ እናት የወንድምየውን ዘፈን ስትሰማ ወደ ስፒከሩ ዞር አለች፤ ከዚያ ለረዳቱ «ጨምረው እስቲ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዬ ብዙ ነገር ተብሏል፤ ያንን የሚያህል ግን አልሰማሁም።

ስለ ገንዘቡ ብዙ የምለው የለም። ከሚከፍለው የሚያመሰግነው ይበዛ ነበር። የሠራነው ቢት ያለ ፈቃዳችን የአንድ ድርጅት ማስታወቂያ ሥር ሲሄድ በቴሌቪዥን ሰምተናል፤ ብንጠይቅ «ማን ነው የሠራው ብሎ የጻፈ?» የሚል መልስ ነው ያገኘነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር፤ አዋጁን አንብቦ የሚከራከርልን ሰው ግን አልነበረንም። የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካ በመጨረሻ ዘመኑ ከባልደረቦቹ ጋር አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ያቋቋመው ይህን የመሰለው ጉዳይ ስላሳሰበው ነው። የሞያ ልጆች ሁላችን እሱን እያዳመጥን ነው ያደግነው። እሱ ያቀናበረውን የኢዮብ መኮንን «እንደ ቃል» የተሰኘ አልበም በሄድፎን የሰማ ሰው ቅንብር ማለት ምን ያህል መተው እንደሆነ ይገባዋል፤ ኢዮብ ሲዘፍን ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ሸሸት ይላል። ኤልያስ መስከረም 2012 ዓ.ም. ሲያርፍ እኛ ሰፈር አንድ ስቱዲዮ ሙሉ ቀን ዘግቶ ዋለ።

ያኔ ከካዛንቺስ ወጥተን ነበር። እማማ አርፈው ግቢው ለወራሾች ተከፋፈለ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሰፈሩ ራሱ ከብዙ ቤቶች ጋር ፈረሰ። እኔ ዛሬ የምሠራበት ክፍል ግድግዳው በልክ የተሠራ፣ መብራቱ በኢንቨርተር የሚጠበቅ ነው። ድሮ የቀዳናቸው ሥራዎች ግን አሉኝ፣ በአንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ውስጥ። ባለፈው ዓመት ስከፍታቸው ሲንቶቹና ከበሮዎቹ አልተነሡም፤ የሠራንባቸው ፕሮግራሞች የሉም፣ አዲሱ ኮምፒውተር አያውቃቸውም። በማይክ የገባው ድምፅ ሁሉ ግን ሳይነካ አለ፤ የልጆቹ ድምፅ፣ ከኋላ የእማማ ዶሮ፣ አንድ ቦታ ላይም የስታቢላይዘሯ ጠቅታ።

ለካርቶኑ ልጅ ደወልኩለት። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለው፤ ቀን ይነዳል፣ ማታ ልጆቹን ያስጠናል። «ቮካልህ እንዳለ አለ፣ ቢቱ ግን ጠፍቷል» ስለው ሳቀና «ጥሩ፤ እንደገና እንሥራው» አለ። ከዚያ እሱ ያመጣው ሐሳብ ነው፤ ወንድምየው ዛሬ ጆሃንስበርግ ውስጥ የራሱ ሱቅ አለው፣ ለምን በእነዚያ ዝምታዎች ውስጥ እሱ ራሱ አይመልስም? ወንድምየው ዘፋኝ አይደለም። እኔም የምፈልገው እንዲዘፍን አይደለም፤ ያን ጊዜ ቢጠየቅ ይመልሰው የነበረውን ዛሬ እንዲመልስ ነው። መጀመሪያ የላከልኝ በቴሌግራም የተቀዳ የድምፅ መልእክት ነበር፤ መተግበሪያው ጨምቆት የፊደሎቹን ጫፍ ሁሉ አደንዝዞታል፣ ከኋላውም የሱቁ ፍሪጅ ያጉረመርማል። መልሱ ግን ትክክል ነው፤ ሳይቸኩል፣ ጥያቄውን ሰምቶ፣ ቦታው ላይ ነው የገባው። ስለዚህ እንዲደግመው ጠየቅሁት፤ በስልኩ መቅጃ ቀድቶ ዋናውን ፋይል እንዲልክልኝ፣ የሚቀዳውም መኪናው ውስጥ፣ ሞተሩን አጥፍቶ መስኮቱን ዘግቶ እንዲሆን። የመኪና ወንበርና ምንጣፍ ድምፅ አይመልስም፤ ስቱዲዮ ለሌለው ሰው ከዚያ የተሻለ ክፍል አላውቅም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሱቁን ትቶ መውጣት አይችልም፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እልካለሁ ብሎኛል።